ጥቅልል ፀጉሬን አጭር ልቆረጠው ነው፣ ምን አይነት ቅርፅ ይሻለኛል? አራት ኪሎ ፒያሳ አካባቢ

ጠዋት_ፀሐይ፦

ሰላም እህቶች ወንድሞች፣ በዚ ጉዳይ ልምድ ያላችሁ እስቲ እርዱኝ። ከ16 ዓመቴ ጀምሮ ሪላክሰር (ፀጉር ቀጥ ሚያደርገውን ኬሚካል) ስቀባ ነው የኖርኩት አሁን 28 ሆኛለሁ፣ ባለፈው ግንቦት በቃኝ ብዬ ተውኩትና ከዛ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ ሹሩባ እየተሰራሁ ነው ያሳለፍኩት። ሰሞኑን ስፈታው ስሩ የራሴ ጥቅልል ፀጉር ነው፣ ጫፉ ደሞ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፣ ሁለቱ ሚገናኙበት ቦታ ላይ ማበጠሪያ ገና ሲነካው ብጥስ ይላል። ጠዋት ጠዋት ከመታጠቢያው ላይ ምሰበስበው ፀጉር በጣም ነው ሚያሳዝነኝ።

ከሁለት ወር በፊት አንድ ፀጉር ቤት ገብቼ ነበር። ቁረጪልኝ ስላት መጀመሪያ አጠበችው፣ ከዛ ፎን አድርጋ ቀጥ ካረገችው በኋላ አገጬ ጋ አስተካክላ ቆረጠችልኝ። እዛው መስታወቱ ፊት ያምር ነበር። በሳምንቱ እቤት ስታጠብ ግን ግራው ወደ ጆሮዬ ወጣ ቀኙ ወደ አንገቴ ቀረ፣ አናቱ ጭንቅላቴ ላይ ልጥፍ አለ ታቹ ደሞ ተነፋ፣ ልክ የጎጆ ቤት ጣራ ነው የሆነው። ድሮ ፀጉሬን ምትሰራኝ ሴትዮ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበረች፣ በ2016 ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ወዴት እንደሄደች አላወቅኩም ስልኳም አይሰራም።

አሁን አጭር መቆረጥ ነው ምፈልገው፣ ግን ፈርቻለሁ። ፊቴ ክብ ነው። ስራዬ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ስለሆነ ጠዋት ከ15 ደቂቃ በላይ ለፀጉር ጊዜ የለኝም፣ ሰፈራችን ደሞ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ በየቀኑ መታጠብ ሚባል ነገር አይታሰብም። ጥር መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ አለ። እናቴን ልቆረጠው ነው ስላት ደሞ ደንግጣ «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ፣ ከዛ በኋላ ሁለት ቀን ጉዳዩን አላነሳችውም፣ እኔም አላነሳሁም። ሴቶች ፀጉር ቤት ልሂድ ወይስ ወንዶች ጋ? ምን ብዬ ልዘዝ? ምን ልቀባ?

ሦስት_ዓመት_በራሴ_ፀጉር፦

እህቴ ያንቺን ሳነብ የራሴን ታሪክ ነው ያየሁት፣ እኔም ፎን ተደርጎ ነው የተቆረጥኩት እኔም ያው ጎጆ ነው የሆንኩት። ችግሩ እጇ አይደለም፣ ቀጥ አድርጋ መቁረጧ ነው። ጥቅልል ፀጉር ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ደሞ ሁሉም ቦታ እኩል አይሰበሰብም። አንድ ነገር ዛሬውኑ እቤት ሞክሪ፦ ፀጉርሽ ታጥቦ በራሱ ሲደርቅ ከግንባርሽ፣ ከአናትሽ፣ ከጆሮሽ በላይና ከማጅራትሽ ከየቦታው አንዳንድ ጥቅልል ያዢ፣ ሳብ አድርገሽ በማስመሪያ ለኪው፣ ከዛ ልቀቂውና ደግመሽ ለኪው። የኔ ያኔ አናቴ ላይ ሲሳብ 9 ሴንቲ ነበር ሲለቀቅ 3 ተኩል ገባ፣ ማጅራቴ ላይ ግን ያው 9 ሴንቲው 5 ላይ ነው የቀረው። በፎን ቀጥ አድርጎ «እኩል» የቆረጠ ሰው እንዴት አድርጎ እኩል ሊያወጣው ይችላል?

ስለ ጫፉ ደሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትሪትመንትም ዘይትም እንቁላልም አይመልሰውም። ሪላክሰር (አንዳንዱ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነው፣ ኖ ላይ ሚባለው ደሞ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት ነው) ፀጉሩን ጠምዝዞ የያዘውን ውስጣዊ ማሰሪያ ነው ሚበጥሰው፣ አንዴ ከተበጠሰ እስኪቆረጥ ድረስ እንደዛው ነው። ሁለቱ ሚገናኙበት ቦታ ሚሰበረውም በአንድ ክር ላይ ጠንካራና ደካማ ስላለ ነው። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ወይ ትንሽ በለጥ ያለ ነው ሚያድገው፣ ከግንቦት ወዲህ ባሉት 7 ወራት 7 ወይ 8 ሴንቲ የራስሽ ፀጉር አለሽ ማለት ነው፣ ሲሰበሰብ ሦስት አራት ሴንቲ ሊመስል ይችላል። ይሄ በቂ ነው! እኔ ከዛ ባነሰ ነው የጀመርኩት።

አሁን ስለ መቀባት። ውድ ክሬም መግዛት ሳትጀምሪ ተልባ ሞክሪ። ግን ለፆም ተቆልቶ ሚፈጨውን አይደለም፣ ያልተቆላ ፍሬውን። ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጥደሽ መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰልሽ፣ እንቁላል ነጩን ሲመስልና ከማንኪያው ላይ ክር እየሰራ ሲወርድ አውጪው። እዚጋ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው፣ ይቀዝቅዝ ብሎ ይተወዋል፣ ከቀዘቀዘ ግን ይረጋና ለማጥለል በጣም ያስቸግራል። ትኩሱን በንፁህ ስቶኪንግ አጥልይው፣ እጅሽን እንዳያቃጥልሽ በማንኪያ ተጫኚው። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል፣ ሽታው ከተቀየረ ድፊው። ፀጉርሽ በደንብ እርጥብ እያለ ነው ሚቀባው፣ በደረቁ ከቀባሽው ነጭ ነጭ ሆኖ እንደ ፎረፎር ይረግፋል። ቀብተሽ በጣትሽ ጠቅለል ጠቅለል አድርገሽ ተይው፣ እስኪደርቅ አትንኪው። ሲደርቅ ጠንከር ይላል፣ ሁለት ጠብታ ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ጭብጥ ጭብጥ ስታረጊው ይለሰልሳል።

ውሃውን አትፍሪ። አጭር ፀጉር ለማጠብ አንድ ጆግ ውሃ ይበቃል፣ እኔ በሳምንት አንዴ ነው ምታጠበው፣ በመሀል ባሉት ቀናት መርጫ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ አድርጌ እረጨዋለሁ በቃ፣ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ማታ በሳቲን ሻሽ እሰሪው፣ የጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጠዋል ጥቅልሉንም ይፈታዋል።

ባለመቀሱ፦

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ የወንዶች ፀጉር አስተካካይ ነኝ 12 ዓመት ሰርቻለሁ፣ አሁን አሁን ሴቶችም በብዛት ይመጣሉ። እህቴ፣ ወንዶች ጋም ሂጂ ሴቶች ጋም ሂጂ ልዩነቱ በሩ ላይ የተፃፈው አይደለም፣ ቆራጩ ፀጉርሽን ደርቆ ሳያየው መቀስ ያነሳል ወይስ አያነሳም ነው። ወንበሩ ላይ ከመቀመጥሽ በፊት ይሄን ጠይቂው፣ «መጀመሪያ ላርጥበው» ብሎ ቸኩሎ ከተነሳ አመስግነሽ ውጪ።

ግን ያንቺ ሁለት አይነት ስራ ስለሆነ አንዴ ማርጠቡ የግድ ነው። ጫፉን ለመለየት ውሃ እንረጨዋለን፣ ውሃ ሲነካው የራስሽ ፀጉር ወዲያው ይጠቀለላል ሪላክሰር የገባው ደሞ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ድንበሩ በዓይን ይታያል። እሱን በመቀስ በጥቂት በጥቂቱ እየያዝን እናነሳለን። ከዛ ፀጉርሽ ይደርቃል፣ ካስክ አይደለም በራሱ፣ ሻይ ጠጪ። ቅርፅ ሚወጣው ከደረቀ በኋላ ነው። እኔ ያኔ ሚዶውን ሁሉ አስቀምጣለሁ፣ ምክንያቱም ሚዶ ጥቅልሉን ይፈታብኛል፣ በጣቴ ነቀል ነቀል አድርጌ ትንሽ ራቅ ብዬ አየዋለሁ፣ ዞሬ አየዋለሁ፣ ከቅርፁ የወጣውን ጥቅልል ብቻ አንድ በአንድ እቆርጣለሁ። ጊዜ ይፈጃል። ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ እያለ እንዲህ አይነት ስራ አይሰራም፣ ጠዋት ነይ።

ፊትሽ ክብ ከሆነ ዙሪያውን እኩል ክብ አታስደርጊው። ጎንና ማጅራትሽ ዝቅ ይበል አናትሽ ላይ ይነሳ፣ ፊትሽ ረዘም ብሎ ይታያል። ፊታቸው ረዘም ላለ ሰዎች ግን ተቃራኒው ነው፣ ጎኑ ይተውላቸው። ጎኑን በቶንዶስ ይሁን ካልሽ ቁጥሩን እወቂ፦ ቁጥር 2 ማለት 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ቆዳ ይታያል፣ ቁጥር 4 ደሞ 13 አካባቢ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ4 አትውረጂ፣ መቀነስ ሁሌም ይቻላል። ግንባርሽ ላይና ጆሮሽ ጋ መስመር በምላጭ አታስይዢ፣ የሴት ግንባር ላይ ያለው ስስ ፀጉር አንዴ ወደኋላ ከተገፋ ሲያድግ ጉጥ ጉጥ ብሎ ያስጠላል። ማጅራቱም በመቀስ እየሳሳ ይውረድ።

ፎቶ ስታመጪ ያንቺን አይነት ጥቅልል ያላትን ሴት ፎቶ አምጪ። ብዙዎቹ የሉጫ ፀጉር ቁርጥ ይዘው ይመጡና እንደዛ አርገኝ ይላሉ፣ እኔ ቆርጬ ልሰጣት እችላለሁ ግን በማግስቱ እሱ አይሆንም፣ ፎቶዋ ላይ ያለችው ሴት ፀጉር ይተኛል ያንቺ ይቆማል።

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር አላልፍም፣ የቶንዶሱን ምላጭ ካንቺ በፊት ከነበረው ሰው በኋላ ሲያፀዳ እዪው። ፀጉሩን ጠርጎ በአልኮል ሳያስነካ ካመጣው እምቢ በዪ። ቆረቆር በዚም ይተላለፋል፣ እኔ ራሴ ልጆች ይዘው የመጡ እናቶችን መልሼ ወደ ጤና ጣቢያ የላክሁበት ጊዜ አለ።

ከርሊ_ነኝ፦

እኔ በባለመቀሱ ሀሳብ እስማማለሁ ግን ሁሉም ሰው የግድ መቆረጥ የለበትም፣ እኔ በየሁለት ወሩ ሁለት ሁለት ሴንቲ ጫፉን እያነሳሁ ዓመት ከግማሽ ፈጅቶብኝ ነው የጨረስኩት። ትዕግስት ይጠይቃል፣ ብዙም ይሰበራል። ደሞ ኢንተርኔት ላይ የጥቅልሉን አይነት ለመለየት 3ሲ 4ኤ ሚሉት ቁጥር አያስጨንቅሽ፣ የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሰሪ የነበረው አንድሬ ዎከር የጀመረው አከፋፈል ነው፣ ፎቶ ለመፈለግ ይጠቅማል እንጂ አንድ ጭንቅላት ላይ ሁለት ሦስት አይነት ይገኛል። ግሊሰሪንን ተጠንቀቂ። ከፋርማሲ ምንገዛው ማለቴ ነው፣ ክረምት ላይ ጥሩ ነው ግን እንዳሁኑ ታህሳስ ጥር አየሩ ደረቅ ሲሆን ንፁሁን ከቀባሽው እርጥበቱን ከፀጉርሽ ነው ሚስበው፣ በውሃ አቅጥነሽ ጥቂት ብቻ።

የሰፈር_እናት፦

ልጄ፣ እናትሽን አትቀየሚያት። እኛ በኖርንበት ጊዜ ሴት ልጅ ፀጉሯን ምትላጨው ባሏ ወይ ወላጇ ሲሞት ነበር። አጭር ፀጉር ያላት ሴት መንገድ ላይ ስናይ መጀመሪያ ወደ አፋችን ሚመጣው «እግዜር ያፅናሽ» ነበር። ስለዚህ ልቆረጥ ነው ስትያት ዓይኗ ፊት የመጣው ለቅሶ ቤት ነው እንጂ ቁንጅናሽ አይደለም። ቁጭ በይና ጫፉን አሳያት፣ እጇ ላይ ሲበጠስ ትይ። ነገሩ ሀዘን ሳይሆን ፀጉሩን ማዳን መሆኑን ያኔ ትረዳለች።

ደሞ አጭር ፀጉር ለኛ አዲስ አይደለም። እኔ በልጅነቴ ሳዱላ ነበርኩ፣ አናቴ ተላጭቶ ዙሪያውን ብቻ ተትቶ፣ የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ እንደዛ ነበር። አባቴ አርበኛ ነበር፣ ከ1928 እስከ 1933 በዱር ሲኖር ያጎፈረው ጎፈሬ ፎቶው ላይ አለ፣ እስካሁን ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። ማን ነው ከርዳዳ ብሎ ሚያንቋሽሸው? ያ ፀጉር ነው ያንቺ ፀጉር። ዞማ ብቻ ነው ፀጉር ያለን ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ ግን ልጆቼን ያለ ፍላጎታቸው ፔስትራ አስተኩሼ አላውቅም።

ቅቤን ማንም አላነሳም፣ ለምን? ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ተለውሶ ሲቀባ ፀጉር እንዴት እንደሚያለመልም እናትሽን ጠይቂያት፣ እሷው ትቅባሽ።

ሦስት_ዓመት_በራሴ_ፀጉር፦

እማማ እግዜር ይስጥልኝ፣ የሳዱላውን ነገር ሳነብ እናቴን ጠየቅኳት እሷም ነበረች አለችኝ፣ በሕይወቴ ነግራኝ አታውቅም። ቅቤውን በተመለከተ እርስዎ ልክ ነዎት፣ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅቤ በራሱ ውሃ አይሰጥም ያለውን ይዞ ያቆያል እንጂ፣ ስለዚህ ፀጉሩ እርጥብ እያለ ቢቀባ ይሻላል። ለስራ ቀን ሽታው ስለሚያስቸግር እኔ ቅዳሜ ማታ ተቀብቼ እሁድ ከሰዓት ነው ምታጠበው።

ፈዘዝ_ያለ_ሰማይ፦

ወንዶች ብንጠይቅ ችግር የለውም አይደል? ፀጉሬ ጥቅልል ነው ጎኑን ፌድ ነው ምቆረጠው አናቱ ይተዋል፣ ግን በሦስተኛው ቀን ጥቅልሉ ጠፍቶ ዝም ብሎ የተበታተነ ጥጥ ይሆናል። ፀጉር መጠቅለያ ስፖንጁንም ሞከርኩ፣ ጄልም ሞከርኩ።

ባለመቀሱ፦

ወንድሜ በየቀኑ በሻምፖ ትታጠባለህ ብዬ ልገምት። የራስ ቆዳ የሚያወጣው ቅባት በሉጫ ፀጉር ላይ ተንሸራቶ ጫፍ ይደርሳል፣ ጥቅልል ላይ ግን በየመታጠፊያው እየቆመ ጫፉ ጋ አይደርስም፣ አንተ ደሞ ያለችውን በየቀኑ ታጥባታለህ። ሻምፖ በሳምንት አንዴ ይበቃሃል፣ በሌላው ቀን ውሃና ኮንዲሽነር ብቻ። በፎጣ አትፈትገው፣ በአሮጌ ቲሸርት ጫን ጫን አድርገህ ውሃውን አውጣው። ስፖንጁን ደረቅ ፀጉር ላይ አታሽከርክር፣ እርጥብ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ።

ጠዋት_ፀሐይ፦

ተመለስኩ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሄጄ ተቆረጥኩ።

መጀመሪያ የእናቴን ልንገራችሁ። እማማ እንዳሉኝ አርብ ማታ ቡና እየጠጣን አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንዱን ጥቅልል እጇ ላይ ሰጠኋት፣ ሳብ አርጊው አልኳት፣ ሳብ ስታደርገው ጫፉ ጣቷ ላይ ቀረ። ምንም አላለችም። ቀጥ ያለውን ክር ወደ መብራቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዛ «ስንት ዓመት ነው ይሄን ስትቀቢ ዝም ያልኩሽ» አለች። በማግስቱ ይዛኝ ሄደች፣ እሷ ራሷ።

ቆራጩን ደርቆ ነው ምትቆርጠው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ አዎ ቅርፁን ከደረቀ በኋላ አለኝ። ውሃ ሲረጭበት እንዳላችሁት ድንበሩ ታየ፣ የራሴ ፀጉር ወዲያው ሲጠቀለል መስታወቱ ውስጥ አየሁት፣ ከ12 ዓመት በኋላ መጀመሪያ ጊዜ ነው። ወለሉ ላይ የወደቀው ሁሉ ቀጥ ቀጥ ያለ ነበር። እስኪደርቅ አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ከዛ ጎኑን በመቀስ አወረደው፣ ቶንዶስ ማጅራቴ ላይ ብቻ ነው የነካኝ በቁጥር 4። ግራ ጎኔ ከቀኙ ይበልጥ ይሰበሰባል፣ እሱን አይቶ ግራውን ትንሽ ረዘም አድርጎ ተወው፣ እኩል ሆኖ ቁጭ አለ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ማጅራቴን ነካ አድርጋ «የእማዬ ፀጉር» አለች። አያቴን ማለቷ ነው፣ ፀጉሯን አላስታውሰውም፣ ሁሌም ሻሽ ታስር ነበር።

ተልባው መጀመሪያ ቀን አቅጥኜው እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ሁለተኛው ልክ መጣ። ሰኞ ስራ ስገባ ጠዋት የፈጀብኝ 8 ደቂቃ ነው። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ሰርጉ ከመድረሱ በፊት ድጋሚ ልስተካከል ወይስ ልተወው? ደሞ እሁድ ቤተክርስቲያን ነጠላ ተከናንቤ ስመለስ አናቱ ልጥፍ ብሎ ነው ያገኘሁት፣ እሱን ምን ላድርገው?

ባለመቀሱ፦

እንኳን ደስ ያለሽ። ከሰርጉ አራት አምስት ቀን ቀደም ብለሽ ማጅራትና ጎኑን ብቻ አስነኪ፣ አናቱን አይንካው። በዋዜማው አትቆረጪ፣ ጥቅልሉ ከተቆረጠ በኋላ ቦታውን እስኪይዝ አንድ እጥበት ይፈልጋል። ለነጠላው ደሞ ስር ሳቲን ሻሽ ላላ አድርገሽ እሰሪ፣ ስትመለሺ ውሃ ረጭተሽ በጣትሽ ከስሩ ብቻ ነቀል ነቀል አርጊው፣ ጫፉን አትንኪ።